«የቤት ሰው» በእንግሊዝኛ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ጠርጥሬም ስለተመነጠርኩ ተረቱ ግማሹን ብቻ የነገረን ይመስለኛል። ግን እንደ እኛ መጠርጠር የሚችልበት ሕዝብ አላየሁም። በነፃ የሰጡንን ዕቃ ገልብጠን ሥሩን እናያለን፤ ሞቅ አድርጎ ሰላም ያለንን ሰው ዞር ሲል «ምን ፈልጎ ነው?» እንባባላለን። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሕዝብ «መንግሥት ለልጅሽ ገንዘብ ይሰጥሻል» ብትሉት ምን የሚል ይመስላችኋል?

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ዛሬ በሐበሻ ምግብ ቤት የተሞላው ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያኔ ገና አንድም የእኛ ሰው ምግብ ቤት አልነበረም። ተማሪዎች ሆነን መጥተን፣ አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ የሚላክልን ሲቋረጥ ግማሾቻችን መኪና አቋሚ፣ ግማሾቻችን ሳህን አጣቢ ሆንን። ሰናይት ፒኮ መንገድ ዳር፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ ሁለት ዓመት ከሞላት ልጇ ከህሊና ጋር ትኖር ነበር። ባሏ «እናቴን አይቼ ልምጣ» ብሎ አገር ቤት ሲገባ እናቱ ሌላ ሙሽራ አጭተው ጠበቁት። በዚያው ቀረ። ሰናይት ልጇን የሚይዝላት አጥታ ሥራዋን ተወች፤ ኪራይ ሲያልፍባት አከራይዋ ልቀቂ አላት። ይኼኔ ነው አንዲት ጎረቤት ስለ ዌልፌር የነገረቻት፤ አቅም ላጡ፣ አባት ከቤት ለሌለባቸው ልጆች መንግሥት በየወሩ ይከፍላል አለቻት።

እሁድ ተሰብስበን መከርን። ጋሼ በቀለ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ፣ አገር ቤት ፍርድ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ በመጠርጠርም የሚስተካከላቸው የለም።

«መንግሥት ምን ቆርጦት ነው የሰው ልጅ የሚያበላው? ሌባ ነው እንጂ» አሉ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ዛሬ ወተት ይገዙላታል፣ ነገ ልጅቷ የእኛ ናት ይሉሻል።»

«ኦኬ ጋሼ፣ ሬንቱን እርስዎ ይከፍሉልኛል?» አለች ሰናይት።

ጋሼ በቀለ ሰዓታቸውን አዩ።

ሰናይት አፕላይ አደረገች። ኬስ ወርከር የምትባል የመሥሪያ ቤቱ አጣሪ ቤቷ ድረስ መጥታ ኑሮዋን እንደምታይ ተነገራት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሴትዮዋ የምትመጣው ችግር ለማየት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ገመናውን ለእንግዳ ከሚያሳይ ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። ሰናይት ቤት የነበረችው አንዲት እግሯ የተሰበረ ወንበር ነች። «እንግዳ መሬት ላይ ላስቀምጥ?» ስትለኝ የራሴን ወንበሮች ተሸክሜ ወጣሁ። ደረጃው ስላሞቀኝ ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩ፤ ምንጣፉን እንዳላቆሽሽባት ጫማዬንም አወለቅሁ። ህሊና ጭኔ ላይ ወጥታ አፍንጫዬን ስትጎትት በሩ ተንኳኳ።

ሴትዮዋ ገባች። ኮቴን አየች። ጫማዬን አየች። ከዚያ እኔን አየች፣ በካልሲ። መጠርጠር የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የፈረንጅ ጥርጣሬ ፈገግ እያለ እንደሚመጣ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ማን እንደሆንኩ ሰናይትን ጠየቀቻት።

በአማርኛ ቢሆን ቀላል ነበር። «አትጨነቂ፣ የቤት ሰው ነው» ትሏታላችሁ፤ ቤተኛ ነው፣ ፊቱ የፈለግሽውን ብታወሪ ከዚህ አይወጣም ማለት ነው። ሰናይትም ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

«ዶንት ዎሪ፣ ሂ ኢዝ ዘ ማን ኦፍ ዘ ሃውስ።»

በእንግሊዝኛ ይህ አባወራ ማለት እንደሆነ እኔ የት አውቄ። በፈገግታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ክፍያው ተከለከለ። ቤት ውስጥ የሚያስተዳድራት ወንድ አለ ተባለ። ስህተቱን ልናስረዳ ሁለታችን ቢሮው ሄድን፤ አብረን መሄዳችን ራሱ ማስረጃ ሆነብን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሐበሻው በበኩሉ እኔን መጠርጠር ጀመረ። «የአሜሪካ መንግሥት ሳያጣራ አይናገርም» አሉኝ ጋሼ በቀለ፤ ያንኑ መንግሥት ሌባ ያሉት ሰውዬ።

ጥፋቱ በእኔ ካልሲ የመጣ ስለመሰለኝ ተሸማቀቅሁ። ደግሞም ህሊና ከነእናቷ ሜዳ ላይ ስትወድቅ ማየት አላስቻለኝም። ኪራዩን ሸፈንኩ። ወተት ይዤ ስሄድ ሻይ፣ ሻይ ስጠጣ እራት፤ በዓመቱ ቄስ ፊት ቆምን።

ጥቂት ዓመታት አለፉና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንድ ጎልማሳ ለሰናይት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። አገር ቤት አስተምራው ኖሯል። አስተማሪ እንደነበረች አውቃለሁ፤ የሒሳብ ይመስለኝ ነበር።

«እንግሊዝኛ ነው ያስተማሩን» አለኝ። «ትርጉም ላይ ቀልድ አያውቁም። ቃል በቃል የገለበጠ ዜሮ ነው የሚሰጡት።»

መኪና ውስጥ እስክንገባ ጠበቅሁ።

«ሰኒ፣ ያን ቀን ለኬስ ወርከሯ ያልሻት ነገር፣ ተሳስተሽ ነው?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነጠላዋን አስተካከለች።

«የመንግሥት ገንዘብ እኮ ልጅቷ አሥራ ስምንት ሲሞላት ይቆማል» አለችኝ። «ሶ፣ ድራይቭ አድርግ።»

ድራይቭ አደረግሁ። ህሊና አሥራ ስምንት ከሞላት ስንት ዘመኗ፣ የራሷን ልጆች ወልዳለች፤ ትናንት ከቫን ናይስ ደውላ «ዳዲ፣ የመኪናዬ ጎማ» አለችኝ።