ክብርት ሳይሚና ይቅርታ ጠያቂዎቹ ማመልከቻዎች

ጣሪያው ቢያፈስም ፕሮፌሰሩ ቢያኮርፍም፣ ገንዘብ የት እንደተደበቀ የምታውቅ አንዲት ሴት የማትገኝባት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል በዓለም ላይ የለችም። እኛ ዘንድ፣ ሄልሲንኪ፣ የስላቭ ቋንቋዎችና ሕዝቦች ጥናት ክፍል ውስጥ፣ ይህችን ቦታ የያዘችው ክብርት ሳይሚ ቬንሆላ ናት። «ክብርት» የምላት እኔ ነኝ። በዚህ አገር ፕሬዚዳንቱንም «አንተ» ስለምንል ማዕረግ ብርቅ ነው፤ ለሳይሚ አንድ እንኳ ካልተሰጣት ግን ግፍ ይሆናል።

ክብርት ሳይሚ አርባዎቹን አጋምሳለች፤ የዶክትሬት ተማሪ ናት። መቼ እንደጀመረች የሚያውቀው የክፍሉ አሮጌ ቡና ማፍያ ብቻ ነበር፣ እሱም አምና ተቃጠለ። የምታጠናው በፖላንድ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩትን ካሹቦች ነው። ከካሹቦችም ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆቹን፣ ከዓሣ አጥማጆቹም ለነፋስ ያወጡለትን ስም ትለቅማለች። ይህንን ግን የምትሠራው ጊዜ ሲተርፋት ነው። ዋና ሥራዋ እኛ ነን።

አዲስ ተማሪ ሲመጣ ስሙን አትጠይቅም። «አያትህ የት ተወለዱ?» ትለዋለች። ልጁ ዘር ልትቆጥርበት መስሎት ይደነግጣል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የእኛ አገር ሀብታም ሲሞት ገንዘቡን ለምርምር ይናዘዛል፣ ሲናዘዝም የራሱን ዐመል ይጨምርበታል። የአንድ የቆርቆሮ ዓሣ ነጋዴ ሚስት የተዉት ገንዘብ፣ ከስላቭ ቋንቋዎች አንዱን ለሚማር፣ ዘሩ ከባሕር ዳር ለሆነና ሲጋራ ለማያጨስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ባልደረባችን ሲርካ ሁሉን ታሟላለች፣ ሲጋራዋ ሲቀር። ሳይሚ ያን በልግ ሙሉ ከኋላዋ እየዞረች አስተወቻት። ሲርካ ዓመቱን ፕራግ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ተመለሰች፤ ሳሉም በዚያው ለቀቃት።

ሳይሚ የማታውቀው የለም። ቼክ አገር፣ ብርኖ ካሉት የተማሪ ማደሪያዎች የትኛው ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ የትኛው የበጋ ትምህርት ቤት ምሳ እንደሚያበላ፣ የትኛው ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጽሐፍ ሊጥል እንደተዘጋጀ ታውቃለች። አንድ ቤተ መጻሕፍት ትልቁን የሩሲያኛ መዝገበ ቃላት ሊያስወግድ ነው ሲባል ሰምታ፣ አሮጊቶች ገበያ የሚሄዱበትን በእግር የሚገፋ የበረዶ መንሸራተቻ ከጎረቤቷ ተውሳ ሁሉንም ጥራዝ ጭና በከተማው መሐል እየገፋች አመጣችው። ትራም ቆሞ አሳልፏታል። «ለማን ነው?» ስላት «እስካሁን አላውቅም፣ የሚፈልገው ይወለዳል» አለችኝ።

ዘወትር የምትለው አንድ ነገር አላት፤ «ገንዘቡማ አለ። የጠፋው ጠያቂ ነው።»

እውነቷን ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ሕግ እንደኛ አጥብቆ የያዘ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ራስን ማሞገስ ከመስረቅ ጥቂት ብቻ ይሻላል ተብለን ነው ያደግነው። ታዲያ ማመልከቻ ሲጻፍ ጉድ ይፈላል። እኔ ስለ ቡልጋሪያ ንብ አናቢዎች አነጋገር ለማጥናት የመጀመሪያውን ማመልከቻዬን የከፈትኩት፣ «ይህ ጥናት ምናልባት ለብዙዎች ላይጠቅም ይችላል፤ ቢሆንም» ብዬ ነበር። ሳይሚ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

«ኢንካ፣ ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ ይቅርታ መጠየቂያ?»

«እውነቱን ነው የጻፍኩት።»

«እውነቱን ለቄሱ ንገሪያቸው። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ይዘው ተቀምጠዋል። አንቺ ደግሞ ‹አትስጡኝ› ብለሽ ትለምኛቸዋለሽ።»

መድኃኒቱን ያገኘችው እሷው ናት። ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባችንን ከበላን በኋላ፣ የምትኖርበት ሕንፃ ሳውና ውስጥ የሴቶች ተራ ሲሆን ሁላችንንም ታስገባናለች። ሕጉ ቀላል ነው፤ እያንዳንዷ ስለራሷ አንድ ጥሩ ነገር ጮክ ብላ ካልተናገረች በስተቀር ማንም አይወጣም፣ ሳይሚም የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰሷን አታቆምም። ሲርካ መጀመሪያ ቀን እንደ ካሮት ቀልታ፣ ስንት ጭልፋ ውሃ ከፈሰሰ በኋላ «መጥፎ አይደለሁም» አለች። በእኛ አገር ይህ ትልቅ ፉከራ ነው። ሳይሚ ግን ሌላ ጭልፋ ጨመረች። እኔ በመጨረሻ፣ በዚህ አገር ስለ ንብ በቡልጋርኛ እንደኔ የሚያወራ የለም ብዬ ጮኼ ወደ በረዶው ወጣሁ። በዚያ ክረምት ሁላችንም ድጋፍ አገኘን። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም፤ እኛ ጢሱን በእንፋሎት ተካነው እንጂ።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ደረቅ የቀረችው ሳይሚ ራሷ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው እስከሚቀጥለው ፀደይ ካልጨረሰች የተማሪነት መብቷ እንደሚያበቃ፣ ጠረጴዛዋም ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት። ለመጨረስ አንድ ዓመት ያለ ሌላ ሥራ መጻፍ ነበረባት፤ ስታስተምርና ስትተረጉም ነው የምትውለው። ከዚያም በላይ የነፋሶቹን ስም አሟልተው የሚያውቁት አዛውንት ዘጠና አልፏቸዋል፣ ያልጠየቀቻቸው ገና ብዙ ነገር አለ። የቀረላት ለምርምር ገንዘብ የሚሰጥ አንድ የቤተሰብ ድርጅት ብቻ ነበር። ድርጅቱ አመልካቹን ፊት ለፊት ያነጋግራል፤ ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰውም ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃል። ሳይሚ እኔን ያዘች፣ ምንም እንዳልናገርም አስጠነቀቀችኝ።

ሰብሳቢው ኦትሶ ራንታማ የሚባሉ፣ ሹራባቸው ክርናቸው ላይ የተጣፈ ሽማግሌ ነበሩ። ለምን እሷን መምረጥ እንዳለባቸው በቀጥታ ጠየቋት። እኔ ደስ አለኝ፤ ይህን ጥያቄ ሳይሚ ለሁላችንም ስታስጠናን ኖራለች። ሳይሚ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ሌሎች ጎበዝ አመልካቾች እንዳሉ ተናገረች። ከዚያም ስለ ስሎቬንያ ተራራ ዘፈኖች ያመለከተው ወጣት በተለይ ግሩም እንደሆነ አከለች፤ ማመልከቻውን ያረመችለት እሷ ናት። የካሹቦቹ ነገር ደግሞ ምናልባት ሊቆይ ይችላል አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። እኛ ዝምታ አያስፈራንም፣ ይሄኛው ግን አስፈራኝ። ዓመቱ ከእጇ ሲወጣ ይታየኛል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና አፌን ከፈትኩ።

«ሊቆይ አይችልም። አዛውንቱ ሊሞቱ ነው። ስድስት ቋንቋ ትችላለች፣ አንዱን ከዓሣ አጥማጆች ጋር ጀልባ ላይ እያስመለሳት ነው የተማረችው። እነዚያ ሽማግሌዎች ለገዛ ልጆቻቸው ያልነገሩትን ለሷ ነግረዋል። እኛ ክፍል ውስጥ የጨረሰ ሰው ሁሉ የጨረሰው በሷ ነው። እሷ ግን አልጨረሰችም፣ የኛን ስትጨርስ።»

ሳይሚ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እኔ ቀጠልኩ። መንሸራተቻውንም፣ የሲርካን ሲጋራም፣ ሁሉንም ተናገርኩ። በሕይወቴ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። ስጨርስ ሰብሳቢው ወደኔ ዘንበል አሉ።

«ሳቮ ነሽ እንዴ?» አሉ። የሳቮ አውራጃ ሰው አፉ አይዘጋም ይባላል።

«አይደለሁም። ፈርቼ ነው።»

ትራሙ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሲደርስ ሳይሚ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ «አዋረድሽኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሰባት ነው የምችለው። ታችኛውን ሶርብኛ ዘለልሽው።»

መልሱ በየካቲት መጣ። ስልኩ ሲደወል የአንድ ልጅ የጉዞ ማመልከቻ እያረመች ነበር። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች፣ ያንን አንቀጽ አርማ ጨረሰች፣ ከዚያም እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሲርካ አቀፈቻት፤ እኛ ደግሞ ሰው አናቅፍም። እኔም ደስታው ልቤን ሞላው፣ ወዲያው ግን ከፋኝ፤ ጨርሳ ስትሄድ ይህ ኮሪደር ምን ሊመስል ነው?

በማግሥቱ የቢሮዋ በር ተዘግቶ አገኘነው። ከተዋወቅን ጀምሮ ተዘግቶ አይተነው አናውቅም። ከውስጥ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማል። ሳንነጋገር ሁላችንም በጣታችን መራመድ ጀመርን፤ ፕሮፌሰሩ እንኳ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ያልፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሮቫኒየሚ የመጣች አዲስ ተማሪ በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ፣ ሲርካ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ይዘን ወደ ወጥ ቤቱ ወሰድናት። ምን እንደምትፈልግ ጠየቅናት። ዛግሬብ መሄጃ ገንዘብ አጥታለች። በሹክሹክታ የምናውቀውን ሁሉ አወረድንላት፤ ማን እንደሚሰጥ፣ ምን ብላ መጻፍ እንዳለባት። አያቷ የት እንደተወለዱም ጠየቅናት። ለካ ይህን ያህል እናውቃለን።

«ማመልከቻው ዓርብ ነው የሚዘጋው» አልኳት በመጨረሻ።

ከኮሪደሩ ማዶ በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተ።

«ሐሙስ» አለች ሳይሚ። በሩም ተመልሶ ተዘጋ።