አሰልጣኙን የሚያውቁት ሚስተር ስታንገል

ስፖርት የሚወድ ልጅ ባለበት ሰፈር ሁሉ አሰልጣኙን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የትኛውን አሰልጣኝ? የፈለጋችሁትን። በእኛዋ ትንሽ የነብራስካ ከተማ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ሚስተር ኦርቪል ስታንገል ናቸው። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ የላቸውም፣ የሌላ ሰው ልጅ ግን እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

የጎረቤቴ ልጅ በስድስት ዓመቷ ከመዋኛ ገንዳ ወጥታ በፎጣ ተጠቅልላ ስትንቀጠቀጥ ክቡርነታቸው ብቅ አሉ። "ትከሻዋን አያችሁልኝ? ኦሃዮ ያለውን የዋና አሰልጣኝ አውቀዋለሁ!" ልጅቷ ዛሬ ክላርኔት ትነፋለች። ቀብር ላይ እንኳ፣ ከሥርዓቱ በኋላ ቺሊ የሚባለው የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ሲቀርብ፣ ወደ ሟቹ ወንድ ልጅ ጠጋ ብለው፣ "ነፍስ ይማር። ያ ልጅህ ቁመቱ ስንት ደረሰ?" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ የእኔዋ ብሪን ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ዲስከስ፣ ያንን ከባድ ዝርግ ሳህን፣ መወርወር ጀመረች። አለቀልኝ!

ሚስተር ስታንገል አንድም ውድድር አላመለጣቸውም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ማታ ቤታቸው ገብተው ለኮሌጅ አሰልጣኞች ይጽፋሉ። በእጃቸው ነው የሚጽፉት፣ የሚልኩትም በፖስታ ነው። ኢሜይል እሳቸው ዘንድ የሰነፍ ሥራ ነው።

እኔን ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ልጄ ሜዳ ላይ የወረወረችው አርባ ሜትር ሚስተር ስታንገል ፀጉር ቤት ሲደርሱ አርባ አምስት፣ የእህል መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ አርባ ስምንት ይሆናል። እንግዲህ በደብዳቤ ሩቅ ፔንሲልቬንያ ሲደርስ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

ብሪን የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ሳለች በጥቅምት ስልክ ተደወለ። ፔንሲልቬንያ ካለ ስመ ጥር ኮሌጅ ነው፤ የደወለችው የውርወራ አሰልጣኟ ናት። ብሪን እስከ ዓርብ "እመጣለሁ" ካለች አሰልጣኟ ራሷ ስሟን ለኮሌጁ ተቀባዮች ታቀርባለች፤ እንዲህ የቀረበ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውድቅ አይደረግም። እኔ በደስታ ሰከርኩ።

ብሪን ግን የላም ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው። ያ ኮሌጅ ላም ቀርቶ የላም ሥዕል የለውም። የእኛው ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ በረቱም ትምህርቱም አለው፤ ግን እዚያ ያሉት ወርዋሪዎች ሃምሳ ሜትር ያሻግራሉ። ለእሷ ቦታ አይኖራቸውም። ፔንሲልቬንያ ከሄደች ላሞቹ ይቀራሉ፤ እዚህ ከቀረች ደግሞ ዲስከሱም ሰው የሚመኘው ኮሌጅም ይቀራል።

ከአሰልጣኟ ጋር የያዝኩትን ስልክ ከመዝጋቴ በፊት ኅሊናዬ አላስችል አለኝ።

"ስለ ደብዳቤዎቹ..." አልኳት፣ "ሽማግሌው ትንሽ ማጋነን ይወዳሉ።"

"ሚስተር ስታንገል?" ብላ ሳቀች። "አሥራ አንድ ደብዳቤ አለኝ። አንዱን ላንብብልህ። 'ዛሬ ዝናብ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ሜትር ነው የወረወረችው፤ ሁለቱን ውርወራ መከለያ መረቡ ላይ ለጥፋቸዋለች። ከዚያ ተጋጣሚዋ ዲስከሷን እንድታደርቅበት ፎጣዋን ሰጠቻት።' እኔ ጋ የሚጻፍላቸው ሁሉ የዓለም ሻምፒዮን ናቸው። የማምነው የእሳቸውን ብቻ ነው።"

አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት መልስ ብሪን "እሳቸው ጋ ውሰደኝ" አለችኝ። ግቢያቸው ውስጥ የረገፈ ቅጠል እየጠረጉ አገኘናቸው። የተባለውን ሁሉ ነገረቻቸውና፣ "ምን ላድርግ?" አለች።

ሚስተር ስታንገል አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። እንዲህ ያለ ነገር በከተማችን ታይቶ አይታወቅም።

"ውርወራውን ትወጂዋለሽ?"

"እወደዋለሁ።"

"ላሞቹንስ?"

ብሪን ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ከከተማችን የእንስሳት ሐኪም ጋር ሄዳ ስላዋለደቻት ጊደር፣ እግሩ ስለታጠፈው ጥጃ፣ እጇን እስከ ትከሻዋ ከትታ እንዴት እንዳቀናችው፣ ሲወጣ አፍንጫውን በገለባ ሲነኩት እንዴት እንዳስነጠሰ። ስታወራ እጇ ያወራል፣ ዓይኗ ያወራል። እኔ አባቷ ግማሹን አልሰማሁም ነበር።

ስትጨርስ ሽማግሌው መጥረጊያቸው ላይ ተደገፉ። "ለውርወራው የመለስሽልኝ አንዲት ቃል ናት፣ ልጄ" አሏት።

ብሪን ማልቀስ ጀመረች፤ ግን ፊቷ ፈክቷል።

ለእኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። "ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ጻፉ?"

"እንድትመርጥ ነዋ! ማንም ያልጠራው ሰው ምኑን ይመርጣል?"

ይህን ብለው ዞሩና መጥረግ ቀጠሉ፤ አሁን የጠረጉትን ያንኑ ቦታ፣ ደግመው ደጋግመው። ከፍቷቸው ነበር።

ዓርብ ብሪን ራሷ ለአሰልጣኟ ደውላ አመስግና "አልመጣም" አለቻት። በሚያዝያና በግንቦት የመጨረሻዎቹን ውድድሮቿን ወረወረች፤ አንዴ አርባ አንድ ሜትር አለፈች። ከዚያ ወደ ላሞቿ ሄደች። አሁን ስትደውል የምታወራን ስለ ላም ጨጓራ ነው፣ ስለ አራቱም።

በቀጣዩ ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለባለቤቴ "ምስማር ልገዛ ነው" ብዬ ወጣሁ። መኪናዬን ያቆምኩት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ነው። እዚያ የእኔ የሆነ ልጅ የለም። ነፋሱ ያንዘፈዝፋል፤ ክቡር ሚስተር ስታንገል በወርዋሪዎቹ በኩል ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ሌላ ታጣፊ ወንበር ዘርግተዋል፤ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭነውበታል።

ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ድንጋዩን አነሡና፣

"ዘገየህ" አሉኝ።