ከአበዳሪዬ ጋር የተቋጠርኩበት ሳምንት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ አበዳሪዎቻችን ድንጋይ ተሸክመው መጡ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መሥሪያ ቤታችን ድረስ በእግራቸው ነበር የመጡት። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰዋል። እያንዳንዳቸው ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። በራችን ላይ ሲደርሱ ተንበረከኩ። ከፊት የነበረው ረጅሙ ሰውዬ በጠራ አማርኛ፣ "ስላበደርናችሁ ይቅር በሉን" አለ።

ክቡር ሚኒስትሩ ሰገነቱ ላይ ቆመው ነበር። ከወገባቸው በላይ በደንብ ለብሰዋል። ከወገባቸው በታች ምንም አልለበሱም፤ ማንም ግን ልብ ያለ አልመሰለኝም።

"ስንት ጊዜ ነው ይቅር የምንላችሁ?" አሉ። "ባለፈውም ይቅር አልናችሁ፤ ተመልሳችሁ አበደራችሁን።"

"ልማድ ሆኖብን ነው" አለ ረጅሙ ሰውዬ።

ከዚያ አዋጅ ተነበበ። ያነበበው ተበላሽቶ የቆመው ሊፍታችን ነው። በሩን በከፈተና በዘጋ ቁጥር አንድ አንቀጽ ይወጣዋል። በአያቶቻችን ጊዜ አበዳሪና ባለዕዳ ጉዳያቸው እስኪያልቅ ድረስ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ይሰነብቱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይሄዳል፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል። አዋጁ ይህን ሥርዓት መልሶ አመጣው። እያንዳንዱ አበዳሪ ከአንድ ባለዕዳ ጋር ተቋጥሮ አንድ ሳምንት ይሰነብታል። ባለዕዳው የሚበላውን ይበላል፣ በሚተኛበት ይተኛል። ሳምንቱ ሲያልቅ ችሎት ፊት ቆሞ ይመሰክራል። "ኑሯቸውን አልቻልኩትም" ካለ የአገሪቱ ዕዳ በሙሉ ይሰረዛል። "ተመችቶኝ ሰነበትኩ" ካለ ግን ዕዳው እጥፍ ይሆናል፣ የዳቦውም ድጎማ ይነሳል።

ሕዝቡ እልል አለ። የሥራ ባልደረባዬ ገዛኸኝ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

"አለቀላቸው ጋሽ ይርዳው" አለኝ። "የኔን ቤት ኑሮ እስከ ማክሰኞ ከቻለ ስሜን እቀይራለሁ።"

እኔ የደረሰኝ ረጅሙ ሰውዬ ነው። ሚስተር ሆልገር ይባላል። የኮቱን ጫፍ ከጋቢዬ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩልን። ድንጋዩን የት እንደሚያስቀምጠው ጠየቀኝ።

"እዚሁ ይተዉት" አልኩት። "ማንም አይወስድብዎትም፤ እዚህ አገር ድንጋይ ሞልቷል።"

ወደ ሰፈራችን ስንሄድ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ረጅም ሰልፍ አየን። የተሰለፉት ዳቦዎቹ ናቸው። ሰው ይጠብቃሉ።

"ዛሬም ሰው አይደርሰንም" አለ አንዱ ዳቦ ለሌላው። "እኛ ጋ ሲደርስ አለቀ ይሉናል።"

"ትናንት ለአንድ ዳቦ ግማሽ ሰው ነው የሰጡት" አለ ሌላው።

ሚስተር ሆልገር ቆም ብሎ ሰልፉን ተመለከተ። "ሥርዓት አለ" አለ። "ይህ ጥሩ ምልክት ነው።"

ሚስቴ ስንዱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፀጉሯን ተሠርታ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ እንደማያምር የገባኝ። ከሰው ጋር የተቋጠረ ሰው መራቅ የሚችለውን ያህል ራቅ አድርጌ ጠራኋት።

"ስሚኝ ስንዱ" አልኳት። "ይህ ሰውዬ ከዚህ ቤት ተርቦ መውጣት አለበት። ሽሮ ስጪው። ያውም ዘይት የሌለው። ያው እኛ የምንበላውን።"

"ለእንግዳ?"

"እንግዳ አይደለም፣ አበዳሪ ነው።"

"አበዳሪም ቢሆን ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው።"

ሚስተር ሆልገር መሀላችን ስለነበረ ሁሉንም ሰምቷል። "እመቤቴ፣ እኔ ሽሮ ይበቃኛል" አለ። "የመጣሁት ኑሯችሁን ልኖር ነው።"

የስንዱ ፊት ተለዋወጠ። "ሰማኸው?" አለችኝ። "ከሽሮ ሌላ አያውቁም እያለን ነው።"

ወዲያው ሌላ ቀን ሆነ። ግቢያችን ውስጥ አንድ በግ ታስሯል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ኩሩ በግ ነበር። ሰው ሲያይ ከእግር እስከ ራሱ ነው የሚያየው።

"በምን ገንዘብ ነው?" አልኳት ስንዱን።

"ከእትዬ አስካለ ተበድሬ።"

እትዬ አስካለ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። እሷም አንዲት አጭር አበዳሪ ሴት ደርሳታለች።

"እትዬ አስካለ ከየት አምጥታ ነው የምታበድርሽ?"

"እሷማ ከኔ ተበድራ ነው። ለቅቤ መግዣ።"

በጉ ታረደ። ሚስተር ሆልገር አንድ ቁራጭ አንስቶ በቃኝ አለ። ስንዱ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፉ ድረስ አመጣች።

"በሞቴ" አለችው።

ሰውየው ደንግጦ ወደኔ ዞረ። "ካልበላሁ ትሞታለች?"

"አትሞትም" አልኩት። "አፍዎን እንዳይከፍቱ። ለአገር ሲሉ ይታገሡ።"

"እኔ ስሞት" አለች ስንዱ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

አፉን ከፈተ። ከአንዱ በኋላ ሁለተኛው ገባ፣ ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛው። እኔ ቆጥሬ ጨርሼ ስንዱ አልጨረሰችም። አልጋችንንም ለቀቀችለት። እኔ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ሰውየው በተገላበጠ ቁጥር ጋቢዬ ወደ ላይ እየተሳበ፣ እኔ ራቁቴን ቀረሁ።

በሰፈሩ ከየቤቱ የቁሌት ሽታ ይወጣ ነበር። ገዛኸኝን መንገድ ላይ አገኘሁት። ከአበዳሪው ጋር ተቋጥሮ፣ አንድ ሣጥን ቢራ ተሸክሞ ይሄዳል። ሣጥኑን የተሸከመው እሱ ብቻ ነው።

"ስምህን ቀየርክ ወይ?" አልኩት።

"ምን ላድርግ ጋሽ ይርዳው" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። "ሰውየው ቤትህ ያምራል አለኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት ብዬ ውኃ ላቅርብለት?"

ክቡር ሚኒስትሩ ለጉብኝት መጡ። ነዳጅ ስለጠፋ መኪናቸውን በጀርባቸው አዝለውት ነበር። ሹፌሩ ውስጥ ተቀምጦ መሪውን ይዟል። እኔን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው ሳቡኝ፤ ሚስተር ሆልገርም አብሮ ተሳበ።

"አቶ ይርዳው፣ አዋጁ አዋጅ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ነገር ግን የአገር ገጽታ የሚባል ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ ምን ብለው ያወራሉ?"

"ተራብን ብለው ካወሩ እኮ ዕዳው ይሰረዝልናል ክቡር ሚኒስትር።"

"እሱስ ይሰረዛል። ስማችንስ?"

መኪናቸውን አመቻችተው አዘሉና ሄዱ። ሚስተር ሆልገር በአድናቆት ተመለከታቸው። "የትራንስፖርት ወጪ ቀንሳችኋል" አለኝ።

ሐሙስ ላይ ስንዱ የምትበደረው ሰው አጣች። ሰፈሩ እርስ በርሱ ተበዳድሮ ጨርሷል። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ፊታችን ቆመች።

"ሚስተር ሆልገር፣ እንዲያው ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ ትንሽ ቢያበድሩን?"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለምሳዎ።"

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አሰበ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ሐዘን አየሁ። "እመቤቴ፣ ይህን ማድረግ ትክክል አይመስለኝም" አለ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ። "ወለዱ ግን ያው እንደተለመደው ነው።"

"ምን ችግር አለው" አለች ስንዱ።

ያን ጊዜ ቁርጤን አወቅሁ። ሚስተር ሆልገርን በጋቢዬ እየጎተትኩ ወደ ጓዳ ወሰድኩት። የዱቄት ማስቀመጫውን ክዳን አነሳሁ። ባዶ ነበር፤ ከሥሩ የተበተነች ትንሽ ብናኝ ብቻ።

"ይህን ይዩ" አልኩት። "ኑሯችን ይህ ነው። ችሎት ፊት ይህችን ብቻ ይናገሩልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። አፉንም ከፈተ፤ የሚፈለገውን ነገር ሊናገር አንድ ቃል ብቻ ቀርቶት ነበር። ስንዱ ከኋላችን ደረሰችና ክዳኑን ከእጄ ነጥቃ ገጠመችው።

"ልናጥበው ብለን ገልብጠነው ነው" አለችው፣ ፈገግ ብላ። "ዱቄቱ ሌላ ቦታ አለ።"

"አሃ" አለ ሚስተር ሆልገር። ፊቱ በራ።

ጓዳው በግ ተራ ሆነ። ችሎቱ እዚያ ነበር የተሰየመው። ዳኞቹ በጎች ናቸው፤ ካባ ለብሰው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሦስት ወንበር ነበር፤ መካከለኛው ባዶ ነው። ሕዝቡና አበዳሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደተቋጠሩ ቆመዋል። አበዳሪዎቹ ወፍረው ኮታቸው አልዘጋ ብሏል፤ ባለዕዳዎቹ ከስተው ከሩቅ ሲታዩ የአበዳሪዎቹ ዘንግ ይመስላሉ። ሁሉንም ወክሎ የሚመሰክረው ሚስተር ሆልገር ነበር።

"የባለዕዳውን ኑሮ ኖርክ?" አለ የቀኙ ዳኛ።

"ኖርኩ።"

"እንዴት ነበር?"

ሚስተር ሆልገር ወደኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው" አለ። "ክቡር ዳኛ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም።"

ከኋላዬ ስንዱ በረዥሙ ተነፈሰች። እፎይታ ነበር።

"እንግዲህ ዕዳው እጥፍ ይሁን" አለ የቀኙ ዳኛ።

"አይሆንም" አለ የግራው። "ይህ ኑሮ ሳይሆን ግብዣ ነው። ዕዳው ይሰረዝ።"

ተፋጠጡ። ድምፁ እኩል ሆነ። ሁለቱም ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ።

"የመካከለኛው ዳኛ ይወስኑ" አለ የግራው። "እሳቸው ሁልጊዜ ለባለዕዳ ነው የሚፈርዱት። የት ገቡ?"

"ማክሰኞ ወደ ገበያ እንደወጡ አልተመለሱም" አለ የቀኙ። "ያያቸው ካለ ይናገር። ግንባራቸው ላይ ነጭ አለባቸው።"

ስንዱ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሚስተር ሆልገር ጥርሱን ይጎረጉርበት የነበረውን ስንጥር ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ሁለቱ ዳኞች አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ እያደረጉ ወደኛ ጎንበስ አሉ። የሆነ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ።

ነቃሁ። ረፍዷል። ስንዱ ከዳቦ ቤት ገብታ የራስጌዬን ጠረጴዛ ተደግፋ ቆማለች። በፌስታሉ ውስጥ ሦስት ዳቦ አለ።

"በዚሁ ብር ትናንት ስድስት ነበር የገዛሁት" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ድጎማው ተነሥቷል አሉ። ሬዲዮኑም ይኸው ሲያወራ ነው ያረፈደው። አበዳሪዎቹ ጉብኝታቸውን ጨርሰው፣ ለሕዝቡ ደግ አቀባበል ምስጋና አቅርበዋል ይላል።"

ስልኬ ጮኸ። ገዛኸኝ ነው፣ ከመሥሪያ ቤት።

"ጋሽ ይርዳው፣ እንደምን አደሩ። ለእንግዶቹ መሸኛ ምሳ ከሠራተኛው እየተዋጣ ነው። ሦስት ሦስት መቶ ብር ነው፤ ግዴታ ግን የለውም፤ የማይመቸው ይተወው ተብሏል። ምን ልበልልዎት?"

ስንዱን አየኋት። ሦስቱን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ በቢላዋ የት ጋ እንደምትቆርጣቸው ትለካለች።

"ሌሎቹ ስንት ስንት አሉ?" አልኩት።

"እነ ዳይሬክተሩ አምስት መቶ ብለዋል።"

"እንግዲያውስ የኔንም አምስት መቶ በልልኝ" አልኩት።