የደን ተቆርቋሪው መድረክ

ለደን የሚቆረቆር ሹም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ኮኪት ከተማችን ላይ ገጥሞኛል። ሰውዬው ጫካውን ለሰሊጥ እርሻ በፊርማው እያስመነጠረ ከወረዳ እስከ ክልል አደገ፤ በየሹመቱ ደግሞ አንድ አንድ ችግኝ ይተክላል። ታዲያ ምን ጎደለን?

ባለፈው ክረምት ችግኝ ሊተክል ሲመጣ፣ ገበያው ዳር የነበረው ብቸኛ ዋርካ ተቆርጦ ከግንዱ መድረክ ተሠራለት። እኛን ፀሐይ ላይ አቁሞ ስለ ዛፍ ጥቅም ሲሰብክ ቆየና፣ ላቡ ሲያሸንፈው ተቆጣ።

«እዚህ አገር ጥላ የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ ዋርካ ሥር የነገዱት ሼህ ኢድሪስ ከአጠገቤ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ነበረ እንጂ ጌታዬ! አሁን የቆሙበት እሱ ነው።»