ባለ ሚሊዮን ሞተሩ አማች

[ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር። ግዛቸው ጎብኚዎችን የሚያንሸራሽርበትን ጀልባ ሞተር ፈታትቶ እጁ በግሪስ ተጨማልቋል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ክብሩ አጠገቡ ቆሟል። የግዛቸውን ልጅ ሳያትን ሊያገባ የጠየቀው በረከት ምን እንደሚሠራ እንዲያጣራ ተልኮ አሁን መመለሱ ነው።]

ክብሩ፦ አላየኋቸውም አልኩህ እኮ ጋሼ!

ግዛቸው፦ ሚሊዮን ሞተር እንዴት አይታይም? ይቺ የኔ አንዷ እንኳ ከሩቅ፣ ከቡሹሎ ዳር ትታያለች!

ክብሩ፦ ያንተዋ ትታያለች። የበረከት አይታዩም።

ግዛቸው፦ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ። ዩኒቨርሲቲ ሄድክ?

ክብሩ፦ ሄድኩ። ልጁንም አገኘሁት። ነጭ ጋዋን ለብሷል።

ግዛቸው፦ ነጭ? የሞተር ሰው ነጭ ይለብሳል እንዴ?

ክብሩ፦ ለብሷል።

ግዛቸው፦ [አሰብ አድርጎ] ገባኝ! ራሱ አይነካማ! የሚነካለት ሠራተኛ አለው። ባለቤት ነው፣ ባለቤት! ቀጥል።

ክብሩ፦ “ምን ትሠራለህ?” አልኩት። “ሞተር” አለኝ። “ስንት ነው?” አልኩት። ሳቀና “በሚሊዮን ብትቆጥረውም አያልቅ” አለኝ።

ግዛቸው፦ [ቁልፍ መፍቻው ከእጁ ያመልጠዋል] አያልቅ? የት አስቀምጧቸው ነው?

ክብሩ፦ ጄል ውስጥ።

ግዛቸው፦ ጄል? ፀጉር ቤትም አለው?

ክብሩ፦ የፀጉር አይደለም። ልስልስ ያለ ነገር ነው፤ ነካ ስታደርገው ይንቀጠቀጣል።

ግዛቸው፦ [ግሪስ የተጨማለቀ እጁን ክብሩ አፍንጫ ሥር እየደቀነ] እንዲህ?

ክብሩ፦ ንጹሕ ነው እንጂ… ወደዚያው ነው።

ግዛቸው፦ ግሪስ ነዋ! አዲስ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ግሪስ ይቀባል። ገና ያልተፈታ፣ ሰው ያልነዳው ዕቃ ነው!

ክብሩ፦ እሺ። ጄሉ ደግሞ ዲሽ ላይ ነው ያለው።

ግዛቸው፦ ዲሽ! በሳተላይት ነው የሚቆጣጠራቸው?

ክብሩ፦ እሱን አልጠየቅኩም።

ግዛቸው፦ አንተ ደግሞ መች ትጠይቃለህ! ነዳጁስ?

ክብሩ፦ ነዳጅ የላቸውም። የሚያንቀሳቅሳቸው ብርሃን ነው። ብር እንደሚፈትሹበት ያለ ሐምራዊ መብራት አበራበት፤ ቆየት ብሎ ጄሉ ኩምትር አለ።

ግዛቸው፦ ሶላር! [ወደ ጎረቤት ጀልባ እየጮኸ] ደምሴ! አንተ ቤንዚን ተሰለፍ፣ እኛ ቤት ሶላር ገብቷል! [ወደ ክብሩ ዞሮ] ኩምትር ያለው ምን ሆኖ ነው?

ክብሩ፦ ሞተሮቹ ሲሽከረከሩ ውስጡ ያሉትን ክሮች ይጠመዝዟቸዋል። ክሮቹ ሲጠማዘዙ ጄሉ ይሰበሰባል። እንዲህ ነው ያለኝ።

ግዛቸው፦ ክር… የሚጠመዝዝ… [ብድግ ብሎ] መረብ! የዓሣ መረብ መጎተቻ ነው! ፀሐይ ወጣ ስትል ሞተሩ መረቡን ጠምዝዞ ጎትቶ ያመጣዋል፤ ዓሣ አጥማጁ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል!

ክብሩ፦ እንደዚያ ነው እንዴ?

ግዛቸው፦ ታዲያ ምን መሰለህ? እኔ ባልኖር “ጄል አይቼ መጣሁ” ብለህ ልትቀር ነበር።

ክብሩ፦ እውነትህን ነው። እኔ ያየሁት ጄል ነው።

[አባ ኮዳ የሚባለው ግዙፍ የሐይቅ ዳር ወፍ ጠጋ ብሎ የወደቀውን መፍቻ ይመረምራል። ግዛቸው ያባርረዋል።]

ክብሩ፦ ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ምን ልትላቸው ነው ታዲያ? በፊት ሳያትን የጠየቀውን ፋርማሲስት “ክኒን ቆጣሪ” ብለህ መለስከው። አስተማሪውን “ይኼ ጠመኔ ነው የሚግጠው” አልከው። ሳያት ስንት ቀን አኮረፈችህ!

ግዛቸው፦ እነሱ ሞተር ነበራቸው? [እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን ያወጣል] ለአቶ ሕዝቅያስ ነው የምደውለው፤ የሽማግሌዎቹ መሪ እሳቸው አይደሉ?

ክብሩ፦ ጋሼ፣ የልጅ አባት ይለመናል እንጂ ደውሎ “ውሰዱልኝ” ይላል እንዴ?

ግዛቸው፦ ሌላ ባለ ልጅ ቢቀድመኝስ! [ስልኩ ላይ] አቶ ሕዝቅያስ! እንደምን ዋሉ? ነገ እዚህ ድረስ እንዳይደክሙ ብዬ ነው… ኧረ እምቢ ማለቴ አይደለም! ሰጥቻለሁ!… አዎ፣ ልጄን!… እንዴት ይቀየራል? ባለጀልባው ሁሉ እየሰማኝ ነው፣ ምስክሬ ነው!… ይባርካቸው፣ ይባርካቸው!

[ስልኩን ይዘጋል። ከየጀልባው ጭብጨባና ፉጨት።]

ክብሩ፦ አሜን። [ከኪሱ ክዳን ያላት ትንሽ የላቦራቶሪ ሳህን፣ ያቺኑ “ዲሽ” ያላትን ዓይነት፣ አውጥቶ] በረከት ይቺን ለአባቷ ስጥልኝ ብሎኛል።

ግዛቸው፦ የመጋዘን ቁልፍ ነው?

ክብሩ፦ ክፈታት።

ግዛቸው፦ [ከፍቶ] ምንድን ነች ይቺ? ጥፍር የምታህል… ጄል?

ክብሩ፦ ሞተሮቹ ናቸው።

ግዛቸው፦ የታሉ?

ክብሩ፦ ውስጧ። አንዱ ሞተር አንድ ሞለኪውል ነው አሉ። ከፀጉር ስንት ሺህ ጊዜ ይቀጥናል።

ግዛቸው፦ [ወደ ፀሐይ እያነሳት] ተንቀሳቀሰች! ክብሩ፣ ተንቀሳቀሰች!

ክብሩ፦ እጅህ ነው የተንቀጠቀጠው ጋሼ።

ግዛቸው፦ መጋዘኑስ? ሠራተኞቹስ? መረብ መጎተቻውስ?

ክብሩ፦ እነሱን እንኳ አንተ ነህ ያመጣሃቸው።

ግዛቸው፦ [ጀልባው ጠርዝ ላይ ዘፍ ብሎ] ታዲያ ልጁ ምን አለው?

ክብሩ፦ ሥራ አለው። ጭንቅላት አለው። ሳያትን ይወዳታል፤ እሷም እሱን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች።

ግዛቸው፦ አታለልከኝ!

ክብሩ፦ አንድ የዋሸሁትን ቃል ንገረኝ።

ግዛቸው፦ [ጣቱን ያነሳል፤ ያስባል፤ ይመልሰዋል] ይኼ ያንተ ጭንቅላት ሥራ አይደለም። ማን ነው አጥንቶ የላከህ?

ክብሩ፦ እኔማ ነገሩ እስካሁንም አልገባኝ። ልሄድ ስል ሳያትን “ይኼን የመሰለ ከባድ ትምህርት ለአባትሽ እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳው?” አልኳት።

ግዛቸው፦ እሷስ ምን አለችህ?

ክብሩ፦ “አጎቴ፣ አንተ ያየኸውንና የሰማኸውን ብቻ ንገረው። ማስረዳቱን አባዬ ራሱ ያስረዳሃል።”