የጋሽ ሚዛን ቀላል ኦቭን

በየቤተሰቡ አንድ መዛኝ አለ። እኛ ቤት የለም ካላችሁ ምናልባት መዛኙ እናንተው ናችሁ። መዛኝ ሰው ዕቃ ሲገዛ ቀለሙን አያይም፣ ውበቱንም አያይም፤ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርገውና ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። እናንተ ሦስተኛው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማችሁ እግር ስትቀያይሩ እሱ ልቡ አራተኛው ሱቅ ገብቷል።

የእኛ ቤት መዛኝ የእህቴ ባል ናቸው። ክቡር ጋሽ ሚዛን እንላቸዋለን። በአንቱታ የማነሳቸው ለሹፈት ነው እንጂ በዕድሜ ሁለት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ስንገናኝም አንተ ነው የምላቸው። ፖስታ ቤት የጥቅል መቀበያው መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። አዲስ የኤሌክትሪክ ሚዛን ሲመጣ አሮጌውን፣ በመንጠቆ የሚንጠለጠለውን የብረት ሚዛን፣ ማስታወሻ ይሁንህ ብለው ሰጧቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለንም። "እጅ ይዋሻል፤ ሚዛን አይዋሽም" የሚሏት ነገር አለቻቸው። ድንች ሲገዙ ይሏታል፣ ልጅ ሲታቀፉም ይሏታል። የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደች ዕለት አዋላጇ ክብደቷን ብትነግራቸው፣ እንኳን ደስ ያለዎት እስክትል እንኳ ሳይጠብቁ፣ ሚዛኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ እንደሆነ ጠይቀዋታል።

በየዓመቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት የእኔና የእህቴ ቤተሰብ ድንኳን ይዘን ሐይቁ ዳር ሦስት ቀን እናሳልፋለን። መኪና እስከ ተራራው ግርጌ ያደርሰናል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ዳገት በእግር ነው። ዳቦ የምትጋግረው እህቴ ናት። የቤተሰቡን ኦቭን፣ ከሥርም ከላይም ፍም የሚደረግበትን ከባድ ባለክዳን የብረት ድስት፣ ራሷ ተሸክማ ትወጣለች፤ ማንንም አታስነካም። አምና ግን ጀርባዋን ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ጉዞው ቀረ። ዘንድሮ ሐኪሟ መሄዱን ፈቀደላት፤ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሺ አላት እንጂ። ታዲያ ምን ችግር አለ፣ እንሸከምልሻለን አልናት።

"እኔ ዕቃ ሆኜ አልሄድም" አለች። "የራሴን ካልያዝኩ እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ።"

እህቴን የሚያውቅ ሰው ይህች ቃል እንደማትታጠፍ ያውቃል። ያለ እሷ ደግሞ ማን ይሄዳል? አምና ከአልጋ መነሳት አቅቷት ስንት ወር አብረን እንደተጨነቅን የምናውቅ ሰዎች፣ እሷን ትተን ሐይቅ ልናይ አንችልም። ስለዚህ ቀላል ኦቭን መገኘት ነበረበት። ፍለጋው ለጋሽ ሚዛን ተሰጠ። ሲሾም እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አራት ሱቅ ዞርን። ጋሽ ሚዛን የብረት ሚዛናቸውን ከዘንቢል አውጥተው መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ያንጠለጥላሉ። ድስቱን ይመዝናሉ፤ ክዳኑን ለብቻ ይመዝናሉ፤ ቀጥለው ካርቶኑን ይመዝናሉ፣ ካርቶኑን ማንም ይዞት እንደማይሄድ እየታወቀ። አንዱ ባለሱቅ በትዕግሥት ሲያያቸው ቆይቶ "ጌታዬ፣ ድስት ነው የሚገዙት ወይስ ወርቅ?" አላቸው። አልተቀየሙም። ወርቅ ጀርባው ላይ አዝሎ ዳገት የሚወጣ ሰው እንደሌለ በእርጋታ አስረዱት። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ ታጣፊ ሣጥን ተገኘ፤ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። ጋሽ ሚዛን እንደ አራስ ልጅ አቅፈውት ቤት ገቡ። በረንዳቸው ላይ ሞከርነው። ዳቦው ከሥር ከሰለ፣ ከላይ ሊጥ እንደሆነ ቀረ፤ ጎረቤትም የሚቃጠል ነገር አለ ብላ በር አንኳኳች። ሰኞ ጠዋት ሣጥኑ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ምንም ሳንገዛ አለፈ። ደመናው ከተራራው ወዲያ መሰብሰብ ጀምሯል። ልጆቹ ከእንቅልፍ ሲነሱ መጀመሪያ የሚያዩት ሰማዩን ነው። እኔ ድንኳኑን ሁለቴ ዘርግቼ ሁለቴ አጥፌዋለሁ፤ ቢሮ ተቀምጬ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይሄዳል። ይበልጥ ያስጨነቀችኝ ግን እህቴ ናት፤ ልብሷን ከቦርሳው አውጥታ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደመለሰች ልጇ ነገረችኝ። ጋሽ ሚዛን በበኩላቸው በሥራ ሰዓት እየደወሉ ስለ አሉሚኒየም ያወሩኛል።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" አልኳቸው። "የዳቦው ጣዕም ያለው እህቴ እጅ ላይ ነው፤ አንዱን ግዛና እንሂድ።"

"ስለ ጣዕም ማን አነሳ? እኔ የማወራው ስለ ግራም ነው" አሉና ስልኩን ዘጉት። ያን ዕለት በልቤ ፈረድኩባቸው። የእህቴ ጀርባ ሰበብ ሆነላቸው እንጂ ሰውየው የሚወዱት መመዘኑን ነው አልኩ።

በአራተኛው ቅዳሜ የአሉሚኒየሙ ክብ ኦቭን ተገዛ፤ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። አበቃ ብዬ ተነፈስኩ። በማግስቱ ቤታቸው ስሄድ ጋሽ ሚዛን በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ የብረት መጋዝ ይዘው፣ የኦቭኑን ሦስት እግሮች ይቆርጣሉ። እግሮቹ ኦቭኑን ከፍሙ በላይ የሚያቆሙት መሆናቸውን ነገርኳቸው። እግሮቹ ሁለት መቶ አሥር ግራም ይመዝናሉ፣ እዚያ ተራራ ላይ ደግሞ ድንጋይ ሞልቷል፣ ድንጋይ የሚሠራውን ሥራ ለምን እንሸከማለን አሉኝ። በዚያው ቀን የእኔን መጽሐፍ አንስተው ጠንካራው ሽፋን ይገንጠል ስላሉ ከእጃቸው ነጠቅኩ። ማታ የእህቴ ቦርሳ ሲንጠለጠል፣ ኦቭኑ፣ ዱቄቱ፣ ጨውና ሹራቧ ተደምረው ልክ አምስት ኪሎ ሆነ። እህቴ የሚዛኑን ቀስት ራሷ አይታ ፈገግ አለች። ልብሷም ከቁም ሣጥን ወጣ።

ሄድን። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ አረፍን፤ በእያንዳንዱ እረፍት ጋሽ ሚዛን ቦርሳችንን ያስወልቁንና "እስቲ እዚያ ጉብታ ላይ ወጥታችሁ ሐይቁን እዩት፤ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ" ይሉናል። ሐይቁ ከሦስቱም ቦታ ያው ሐይቅ ነው። ደመናው እየቀረበ፣ እኛ እየቆምን። ሦስተኛው ላይ ንፋሱ ሲበረታ ጃኬቴን ልወስድ ብቻዬን ተመለስኩ።

ጋሽ ሚዛን ከዛፉ ጀርባ ናቸው። አሮጌው የብረት ሚዛን ቅርንጫፉ ላይ ተሰቅሏል፣ የእህቴ ቦርሳ ከሚዛኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ዱቄቱ ተሰርቆ እሳቸው ቦርሳ ውስጥ ገብቷል፤ ጨውና ሹራቡ በቀደሙት ሁለት እረፍቶች የተሰረቁ መሆን አለባቸው። እሳቸው ቁጢጥ ብለው፣ ጉንጫቸውን ወጥረው፣ የልጆቹን የአየር ትራስ ይነፋሉ። ቦርሳው እንዳይጎድል፣ እንደሞላ እንዲታይ። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ይላል ቀስቱ፤ የእግር አልባው ኦቭን ክብደት ብቻ።

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ሹፈቱ አልመጣልኝም።

"አንተ ሰውዬ" አልኩት፣ "ይሄን ብረት ከቤት ድረስ ተሸክመህ ነው? እሱ ራሱ ስንት ኪሎ ነው?"

ሚዛኑን ቀና ብሎ አየው። የእውነት ግራ ገባው።

"እሱን መዝኜው አላውቅም" አለኝ። ከዚያ ትራሱን ቦርሳው ውስጥ እየጎሰጎሰ፣ "ዳገት ላይ አምስት ኪሎ አምስት ኪሎ አይደለም። ሐኪሙ ዳገቱን አላየውም። እንዳትነግራት" አለ።

ስንት ቅዳሜ ስቀየመው የነበረውን ሰው ቆሜ አየሁት፤ አፈርኩም፣ ወደድኩትም።

ድንኳን ስንተክል የሰረቀውን ሁሉ ወደ ቦርሳዋ ሲመልስ አየሁት። በማግስቱ ጠዋት እህቴ ሦስት ድንጋይ ፈልጋ እግር አልባውን ኦቭን አስቀመጠች፤ አንዱ ድንጋይ እየተንሸራተተ ሁለቴ አዘመመባት። ዳቦው እስኪበስል አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሳልጠይቃት ጀመረች።

"ዳገት ሲወጣ የሚቀል ቦርሳ አይቼ አላውቅም" አለች ፍሙን ክዳኑ ላይ እያስተካከለች። "ወደ መጨረሻው ደግሞ የልጆቹ ትራስ ጀርባዬ ላይ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"የሐኪሙን ቀጠሮ ብቻ ሳይሆን ሕመሜንም ተሸክሟል አምና። አሁን አላወቀችም ብሎ ደስ ብሎታል፤ እኔም የራሴን ይዤ ወጣሁ ልበል። እንዳትነግረው።"

ስለዚህ ለማንም አልነገርኩም፤ ለእናንተ ካልሆነ በቀር።

በሦስተኛው ቀን ስንወርድ ዱቄቱ ተበልቷል፣ የእህቴም ቦርሳ ያለ ሌብነት ቀልሏል። ባሏ ድንኳኑን ሲያጥፍ ሚዛኑን ከእሱ ቦርሳ አውጥቼ የራሴ ውስጥ፣ ከመጽሐፌ ሥር፣ ቀበርኩት። ከባድ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁለት ኪሎ አያንስም። ጋሽ ሚዛን መጥቶ ቦርሳውን አነሳ። ቆመ። አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከፍ ዝቅ አደረገው። ከዚያ ገልጦ እኔን አየኝ።

"እጅ ይዋሻል" አልኩትና ፊት ፊት መውረድ ጀመርኩ።