በስተቀኝ ያለው ቤት

ሰው መጠየቅ አይወድም የሚሉ አሉ። እኔ ጂንካ ውስጥ ፀጉሬ እስኪሸብት በመረጃ ሰብሳቢነት እንጀራ በልቻለሁና በዚህ አልስማማም። ሰውን የሚያስቀይመው ጎረቤቱ ተጠይቆ እሱ ሲታለፍ ነው።

ድሮ መጠይቁ ወረቀት ነበር፤ ዝናብ ሲያገኘው መልሱ ሁሉ ይጨማለቃል። ዛሬ ታብሌት ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ እኛም አብረን እናልቃለን። ሰዉ ደግሞ ለምዶናል። ወይጦ የምትባል መንደር ላይ አንድ አባወራ ገና ስሜን ሳልናገር መልሱን በተራ ይነግረኝ ጀመር። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የውኃ ምንጭ። ከእኔ በፊት የመጡት ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል ጠይቀውት ኖሯል። አንዷን ብዘልበት፣ ስለ አጎበሩስ አትጠይቀኝም እንዴ ብሎ ወቀሰኝ። እንዲህ ያለ ሰው መጠየቅ አይወድም ትለኛለህ?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከገዘር ከተማ አለፍ ብላ ወዳለች አንዲት ቀበሌ ለመፀዳጃ ቤት ጥናት ሄድን። አለቃችን ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ዶክተር ነበረች። ጨዋ ልጅ ናት፤ በናሙና ግን ቀልድ አታውቅም። የሚጠየቁት ቤቶች በዕጣ እንዲለዩ፣ ዕጣውም አድልዎ ተደረገ እንዳይባል ሕዝብ ፊት እንዲወጣ አዘዘች። ስሞቹ በቁራጭ ወረቀት ተጽፈው ባርኔጣዬ ውስጥ ገቡ። ይሄኔ የቀበሌዋ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ ተነሱና ዕጣ ሳይጸለይበት አይወጣም አሉ። ዶክተሯ ምን ቸገራት፣ ይጸለይ አለች።

እሷ ያላወቀችው፣ እዚያ ሰፈር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሚመረጠውም እንዲሁ ነው፤ ተጸልዮ፣ ዕጣ ወጥቶ። ስለዚህ ስሙ የወጣለት ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ እየተባለ ይጨበጥ ጀመር። ለመፀዳጃ ቤት ጥናት እኮ ነው።

አቶ ማርቆስ አልወጣላቸውም። እኚህ ሰው ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። ጎረቤታቸውን ወይዘሮ አስቴርን፣ እሳቸውም ባላቸው የሞተባቸውን፣ ለማግባት ሽማግሌ ልከው ነበር። የሴትዮዋ ወንድሞች ደግሞ እንጸልይና ምልክት እንይ ብለው ነገሩን አንጠልጥለውታል። እንግዲህ ምልክቱ መጣ። የወይዘሮ አስቴር ስም ወጣ፣ የአቶ ማርቆስ ባርኔጣዬ ውስጥ ቀረ። ወንድሞቹ ጊዜ አልፈጁም፤ እግዚአብሔር እሱን አልፎታል፣ በቃ፣ አሉ።

በማግሥቱ አቶ ማርቆስ ኮታቸውን ለብሰው ወዳረፍንበት ትምህርት ቤት መጡ።

«ዶክተር፣ እኔንም ጠይቁኝ» አሉ። «ሽንት ቤቴ ንጹሕ ነው። ባይሆንም እውነቱን እናገራለሁ።»

ዶክተሯ በትሕትና አስረዳቻቸው። ዕጣ ማለት እንዲያው በአጋጣሚ የሚሆን ነው፣ ማንም አልተናቀም አለቻቸው።

«ተጸልዮበት እንዴት አጋጣሚ ይሆናል?» አሉ። «እኔ ራቴን ብቻዬን ነው የምበላ። እሷም ከአጥሩ ወዲያ ብቻዋን ነው የምትበላ። ይሄ ዕጣ ካለፈኝ እሷም አለፈችኝ ማለት ነው።»

አሳዘኑኝ። ዶክተሯንም አሳዝነዋታል፤ ናሙናዋን ግን አልነካችም።

የወይዘሮ አስቴር ቤት የደረሰው ለእኔ ነበር። ስሄድ ወንድሞቻቸው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ደንቡ የስምምነት ቃሉን አነበብኩ። መሳተፍ በፈቃድ ነው፣ እምቢ ማለት መብትዎ ነው፣ እምቢ ካሉ በእርስዎ ምትክ በስተቀኝ ያለው ጎረቤት ይጠየቃል። ይህን ስንት ዓመት ሳነበው ሰምቶት የሚያውቅ የለም፤ እኔም ጭምር። ሴትዮዋ ግን አስቆሙኝ።

«እስቲ ድገመው» አሉ። ደገምኩት።

«በስተቀኝ ሲባል ከቤት ሲወጣ ነው ሲገባ?»

«ሲወጣ ነው» አልኩ።

ብድግ ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው የአቶ ማርቆስን አጥር አሳየ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«እምቢ ብያለሁ» አሉ፣ ወንድሞቻቸው እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ዕጣዬ ለእሳቸው ይሁን።»

ወንድሞቹ ተያዩ። ዕጣው ከእህታቸው ቤት ተነስቶ በደንቡ መሠረት አቶ ማርቆስ ቤት ሊገባ ነው። ምን ይበሉ? ታላቅየው፣ ይሄም ምልክት ነው አለ።

አቶ ማርቆስን ስጠይቃቸው ሁሉንም ሳይሰስቱ መለሱልኝ። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ላይ ስደርስ ብቻ፣ «እሱን እስከ ቅዳሜ ባዶ ተወው» አሉኝ።

ታብሌቱ ግን ወይዘሮ አስቴር እምቢ ያሉበትን ምክንያት ካልመረጥኩ አላሳልፍም አለኝ። ጊዜ ማጣት፣ ሕመም፣ የግንዛቤ ማነስ። ለማግባት የሚል የለም። ሴትዮዋ እንደሆኑ ጊዜም አላቸው፣ ጤነኛም ናቸው። የቀረውን ነካሁ።

ከወራት በኋላ ሪፖርቱ ወጣ። በቀበሌዋ ሴቶች ዘንድ ስለ ጥናት የግንዛቤ ማነስ ስለታየ ሥልጠና ይሰጥ ይላል። ሥልጠናውን እንድሰጥ የተላክሁት እኔው ነኝ። ወይዘሮ አስቴር ከባለቤታቸው ከአቶ ማርቆስ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ጥያቄ ያለው ስል እጃቸውን አወጡ። ቀጣዩ ዕጣ መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ፈልገው ነው። ታናሽ እህታቸው ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከቤቷ በስተቀኝ ያለው ጎረቤቷም ክፉ ሰው አይደለም።